የደጀኔ የመጨረሻ ጾም

ቤቴል ዲላ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ፋርማሲስት ናት። ለብዙ ጊዜ ሥራዋ መድኃኒት ማደያው መስኮት ላይ ነበር፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ለክትትል በሚመጡበት በየማክሰኞው ከመስኮቱ ወጥታ ታስተምራለች። ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ናት። መድኃኒት ሰጥታ የሸኘቻቸው ሰዎች በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳራቸው ከፍ ብሎ፣ ግፊታቸው አልወርድ ብሎ ሲመለሱ ታያለች። አንዱ ክኒኑን የሚውጠው ራሱን ሲያመው ብቻ ነው። አንዷ ደህና ነኝ ብላ የቀራትን ለጎረቤቷ አካፍላለች። ሌላው ቡናውን በጨው ሲጠጣ ይውልና ግፊቱ ለምን እንዳልቀነሰ ግራ ይገባዋል። «መስኮት ላይ የምናገረውን ማንም አይሰማኝም። ከኋላ ሰው እየገፋው ማን ቆሞ ያዳምጣል?» ብላ ለኃላፊዋ ነገረችው። እሱም ከመድኃኒት መጋዘኑ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍልና በረንዳው ላይ ያሉትን አግዳሚ ወንበሮች ፈቀደላት።

አልጣሽ ወደዚያ በረንዳ የመጣችው በልግ ገብቶ ዝናቡ በጠናበት ሰሞን ነው። ይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው የኮንጋ ሴት ናት፤ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ባሏ ደጀኔ ከሞተ ጀምሮ ቡናዋንና እንሰቷን የምትይዘው ከአንድ ልጇ ከእዮብ ጋር ነው። እዮብ እዚያው ኮንጋ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ይሠራል። የዚያን ቀን በሞተሩ እስከ ይርጋጨፌ አመጣትና ሞተሩን ዘመድ ቤት አቁሞ፣ ከዚያ በሚኒባስ ዲላ ገቡ።

ሐኪሙ መረመራት። ግፊቷም ስኳሯም ከፍ ብሏል። ክኒኑ ስኳሩን መያዝ አቅቶታል፤ ቀኝ ዓይኗ ከጠፋ ከርሟል፣ ግራውም መደብዘዝ ጀምሯል። «ከዛሬ ጀምሮ ኢንሱሊን ያስፈልግዎታል» ሲላት ከተቀመጠችበት ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«መርፌ አልወስድም» አለች።

ሐኪሙ ቢያስረዳት፣ ቢለምናት ሌላ ቃል አልወጣትም። ውጭ ብዙ ሰው ይጠብቀው ስለነበር፣ ካርዷን ይዛ ወደ ቤቴል እንድትሄድ ነገራት።

በረንዳው ላይ ትምህርቱ ተጀምሯል። ቤቴል በእጇ ትንሽ የኢንሱሊን ብልቃጥ ይዛ፣ ቤቱ ፍሪጅ የሌለው ሰው መድኃኒቱን ሙቀት እንዳያበላሸው እንዴት እንደሚያስቀምጠው እያስረዳች ነበር። አልጣሽ ጥግ ላይ ተቀመጠች። እዮብ አልተቀመጠም፤ ምሰሶውን ተደግፎ እጁን አጣጥፎ ቆመ። ፊቱ ሆስፒታል የሚጠላ ሰው ፊት ነበር፤ ይጠላም ነበር። አባቱን የገደለው የሆስፒታል መርፌ ነው ብሎ ያምናል። እናቱን ለሐኪም ማሳየት የጀመረውም ማዶ የቆመ ሰው መለየት እንዳቃታት ካየ በኋላ ነው።

«ጥያቄ ያለው አለ?» አለች ቤቴል።

ከኋላ አንዲት ሴት «መርፌ የጀመረ ሰው አይከርምም ይባላል» አለች። አንዳንዶች ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ሴትየዋ ዞረ። ሙሐሲን ይባላል፤ ዲላ ገበያ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። «ማነው ያለው? እኔ መርፌ ከጀመርኩ በኋላ ልጅ ድሬያለሁ፤ የልጅ ልጅ አቅፌያለሁ። አጠቃቀሙን ማወቅ ነው እንጂ! ረመዳን ሲመጣ እዚህ መጥቼ ሳልጠይቅ አልጾምም። አንድ ጊዜ በድፍረት፣ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ተወግቼ ምግብ ሳልቀምስ ዋልኩና ሱቄ ውስጥ ወደቅኩ። ላብ አጠመቀኝ፤ ምላሴ ተሳሰረ። ደንበኞቼ አበደ ብለው ነበር። ሚስቴ ደርሳ ስኳር በጥብጣ ባታጠጣኝ ዛሬ አታዩኝም።»

ሰዉ አነጋገሩን ወዶ ሳቀ። አልጣሽ አልሳቀችም። ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ድምፁ ወደመጣበት አቅጣጫ አንገቷን ሰገግ አደረገች።

«ሳይበላ የተወጋ ሰው ምን ይሆናል?» ብላ ጠየቀች።

ቤቴል ጥያቄው እንደማንኛውም ጥያቄ መሰላት። «ልክ እሳቸው እንዳሉት ነው» አለች። «ኢንሱሊን ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል። ምግብ ካልተበላ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል። ሰውየው መጀመሪያ ይርበዋል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ንግግሩ ይዘባረቃል፤ ለቤተሰቡ ሌላ ሰው ይመስላል። ያኔ ስኳር ወይም ማር በውኃ በጥብጦ ቶሎ ማጠጣት ነው። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ጤና ጣቢያ ማሮጥ ነው።»

«ካልተሰጠውስ?»

ቤቴል ሴትየዋን አየቻት። «ሊሞት ይችላል» አለች ቀስ ብላ።

አልጣሽ ከዚያ በኋላ ስለ እግር አጠባበቅና ስለ ጨው የተባለውን አልሰማችም። ትምህርቱ አልቆ ሰዉ ሲበተን እንደተቀመጠች ቀረች። ቤቴል ካርዷን ተቀብላ ወደ ጠባቧ ክፍል ስትጠራት እዮብ ተከትሏት ሊገባ ሲል፣ አልጣሽ እጇን ደረቱ ላይ አደረገችና «አንተ እዚሁ ቆይ» አለችው።

በሩ ሲዘጋ አማርኛውን ትታ በጌዴኡፋ ተናገረች። ቤቴልም የዚያው የጌዴኦ ልጅ ስለሆነች በዚያው ቋንቋ መለሰችላት።

«ባሌ ስኳር ነበረበት» አለች አልጣሽ። «መርፌ ያስጀመሩት እዚህ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ነው። ደጀኔ መርፌ ይፈራል። ከብት ሲያርድ የማይፈራ ሰው፣ መርፌ ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ስለዚህ አወጋጉን ያሳዩት እኔን ነው። ጠዋትና ማታ፣ አንድም ቀን እንዳታስተጓጉዪ አሉኝ። እኔም አላስተጓጎልኩም። ቡና ለቀማ ላይ ሆኜ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ ሮጬ እመጣለሁ። ሰውነቱ ተመልሶለት ነበር። ሌሊት ውኃ ውኃ ማለቱን ትቶ ነበር።»

ከዚያ ደጀኔ የሞተበትን ጊዜ ተረከችላት።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ዘገየ። የቡናው እምቡጥ ሳይፈነዳ መድረቅ ጀመረ። የጸሎት ቤቱ አገልጋይ ወንጌላዊ ወልደዮሐንስ ጾም ጸሎት አወጁ፤ የሚችል ሁሉ እህል ውኃ ሳይቀምስ እንዲውል። ደጀኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ስለነበር መቅረትን አላሰበውም። አልጣሽም በማለዳ እንደልማዷ ብልቃጡን አውጥታ ቀዳች፤ እንደልማዷም ክንዱ ላይ ወጋችው። ከዚያ አብረው ወደ ጸሎት ቤት ወጡ። ረፋድ ላይ ወንዶቹ በተቀመጡበት በኩል ጫጫታ ተሰማ። ደጀኔ ተነሥቶ ቆሟል፤ ሸሚዙ በላብ ርሶ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ማንም የማይገባውን ነገር ይናገራል። ግማሹ ሰው መንፈስ ወረደበት አለ፤ ግማሹ ክፉ መንፈስ ያዘው አለ። ከበው ጸለዩለት። በኋላ ተንበረከከ፤ ከዚያ ተኛ። እንቅልፍ ወሰደው ብለው ጋቢ አለበሱት። ጸሎቱ ሲያበቃ ሊቀሰቅሱት ቢሞክሩ አልነቃም።

«መንደሩ መርፌው ገደለው አለ። ልጄም እንደዚያው አለ። እኔ ግን ጊዜው ደርሶ ነው እያልኩ ልቤን አስታምም ነበር» አለች አልጣሽ። «አሁን ሰውየው የተናገረውን ሰማሁ። አንቺ የተናገርሽውን ሰማሁ። ላቡም እሱ፣ መንቀጥቀጡም እሱ፣ ንግግሩም እሱ ነው። ንገሪኝ ልጄ። ደጀኔን ምን ገደለው?»

ቤቴል እንዲህ ላለው ጥያቄ የለመደችው መልስ ነበራት። መድኃኒት ሰው አይገድልም፣ የሚገድለው ዘግይቶ መጀመሩ ነው፣ በሽታው ነው ትላለች። ብዙ ጊዜ እውነትም ነው። አሁን ያንን ብትል ለሴትየዋ መርፌውን መጀመር ይቀላታል፤ እውነቱን ብትነግራት ደግሞ ከዚህ ክፍል ወጥታ ዳግም ላትመለስ ትችላለች።

«በቦታው አልነበርኩምና ይህ ነው ብዬ መማል አልችልም» አለች በመጨረሻ። «የነገሩኝን ስሰማ ግን ስኳሩ ወርዶበት ይመስለኛል። መርፌውን ተወግቶ ሆዱ ባዶ ስለዋለ።»

«የወጋሁት እኔ ነኝ።»

«አዎ፤ እርስዎ ነዎት።»

አልጣሽ አላለቀሰችም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። ቤቴል ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች።

«እማማ አልጣሽ፣ የሚያጽናናዎትን ብቻ መርጬ አልነግርዎትም። እርስዎ የተነገረዎትን ሳያጎድሉ ነው የፈጸሙት። ያጎደልነው እኛ ነን። ምግብ ከሌለ እንዳይወጉት፣ ጾም ሲመጣ ቀድመው እንዲጠይቁ መንገር የመድኃኒት ሰጪው ሥራ ነበር። ያንን ማንም አልነገረዎትም። በዚህ እርስዎ ራስዎን መክሰስ የለብዎትም።»

«መክሰሱ ይቀራል ብለሽ ነው?» አለች አልጣሽ።

ቤቴል ተነሥታ ውኃ ቀድታ ሰጠቻት።

አልጣሽ ውኃውን ተጎንጭታ «ታዲያ ያንኑ መርፌ ውሰጂ ነው የምትዪኝ?» አለች።

«አዎ። ካልወሰዱት ግራ ዓይንዎም ይከተላል፤ ከዚያ ኩላሊትዎ። ከወሰዱት ግን ዛሬ የሰሙትን እያወቁ ነው የሚወስዱት።»

ቤቴል መርፌ አውጥታ ሰጠቻት። አልጣሽ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞራ ወደ ግራ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ራቅ አደረገችው፤ መልሳ አስጠጋችው። የመጠኑ መስመሮች አልታዩዋትም። ለመቅዳት ሌላ ሰው ያስፈልጋታል። ቤቷ ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ እዮብ ብቻ ነው።

«እኔ አስተምረዋለሁ። ስለ አባቱ ሳናነሣ ማስተማር እችላለሁ» አለች ቤቴል።

«አይሆንም» አለች አልጣሽ። «እኔ ሳላውቅ ወግቻለሁ። እሱ አውቆ ይውጋኝ። ቤት ደርሼ ልንገረውና በሚቀጥለው ማክሰኞ ይዤው እመጣለሁ።»

ቤቴል መዘግየቱን አልወደደችውም። ውኃ ጥም ከጠናባት፣ ትውከት ከጀመራት ማክሰኞን እንዳትጠብቅ አጥብቃ ነግራ ሸኘቻት።

አልጣሽ ኮንጋ እንደደረሱ ለልጇ ነገረችው። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ እንሰቱ ሥር ቆመው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረችው። እዮብ አላመናትም። ከዚያ አመናት።

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ደበቅሽኝ?»

«አልደበቅኩህም። እኔም ያወቅኩት ዛሬ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን ስል ነው የኖርኩት?» አለ እዮብ። ሆስፒታሉን ሲረግም የኖረው፣ እናቱን ከሐኪም ያራቀው፣ ያ የቀኝ ዓይኗ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣበት። እናቱን መስደብ ፈልጎ ቃሉ አልወጣ ሲለው ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

የሄደው ወደ ወንጌላዊ ወልደዮሐንስ ነበር። ሽማግሌው ዝናብ ያዘመመውን አጥራቸውን ሲያቃኑ አገኛቸው። ሰላምታ አልሰጣቸውም።

«አባቴ ሲሞት ራሱ ላይ እጅዎን ጭነው ነበር» አለ። «ያልበው ነበር?»

«ያልበው ነበር።»

«ይንቀጠቀጥ ነበር?»

«ይንቀጠቀጥ ነበር። ምን ሆነሃል ልጄ?»

እዮብ ዲላ የተባለውን ነገራቸው። ወንጌላዊው የያዙትን እንጨት ጣሉና እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ነገር አለ፤ ለማንም አውጥቼው አላውቅም። ሰው ሳይሰበሰብበት በፊት ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ‹ራበኝ› አለኝ። ደጀኔ በጾም ቀን ራበኝ ብሎ አያውቅም። የሥጋ ፈተና መሰለኝ። ‹ጽና ወንድሜ፣ ጥቂት ነው የቀረን› አልኩት።»

እዮብ እጁን ጨበጠ። ሽማግሌው ዱላ ቢያርፍባቸው የሚከላከሉ አይመስሉም ነበር። ልጁ ፊቱን አዙሮ ሄደ፤ ቤቱም አልገባም። ማጠቢያ ጣቢያው ውስጥ ከጥበቃዎቹ ጋር እያደረ ሰነበተ።

አልጣሽ ብቻዋን ቀረች። ልጇ ይመለሳል እያለች ደጁን ታያለች። ክኒኖቿን መውሰድ አልተወችም፤ ነገር ግን እግሯ ላይ የነበረችው ትንሽ ቁስል በዝናቡ ጭቃ አመረቀዘች፤ ትኩሳት ያዛት። ጥሙ ጠናባት፤ የጠጣችውን ሁሉ መለሰችው። የቤቴል ማስጠንቀቂያ ትዝ ብሏታል። ግን ተነሥቶ መንገድ መውጣት አቃታት።

ያገኟት ወንጌላዊ ወልደዮሐንስ ናቸው። ይቅርታ ሊጠይቋት ነበር የመጡት፤ ደጅ ቆመው ቢጠሩ መልስ አጡ። ገብተው ሲያዩዋት ከንፈሯ ደርቋል፣ ትንፋሿ ፈጥኗል። ለጎረቤት አደራ ብለው በዚያ ዕድሜያቸው ቁልቁለቱን እየሮጡ ማጠቢያ ጣቢያው ደረሱ። እዮብ ባዶውን የቡና ማድረቂያ አልጋ ሲጠግን አገኙት።

«እናትህ ልትሞት ነው» አሉት። «ከእኔ ጋር ያለህን በኋላ ትጨርሳለህ። አሁን ሞተርህን አስነሣ።»

እዮብ ነዳ፤ አልጣሽን መሃል አደረጓት፤ ሽማግሌው ከኋላ ሆነው በሁለት እጃቸው ደግፈው ያዟት። ጭቃው በሚያንሸራትተው መንገድ ይርጋጨፌ ደረሱ። ከዚያ በመኪና ዲላ አደረሷት።

ሆስፒታሉ አስተኛት። ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በላይ ሆኖ ሰውነቷን አድርቆት ነበር። በደም ሥሯ በተሰጣት ፈሳሽና በኢንሱሊን ነፍሷ ተመለሰች። የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ግን አልዳነችም፤ ቆረጧት። ወንጌላዊው እስክትነቃ ድረስ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። እዮብ ሻይ ገዝቶ አጠገባቸው አስቀመጠላቸው፤ አላናገራቸውም።

ቤቴል የአልጣሽን መተኛት የሰማችው ከነርሶቹ ነው። ወዲያው ወደ ክፍሏ ሄደች። አልጣሽ እንቅልፍ ላይ ነበረች፤ እዮብ አልጋው ግርጌ ተቀምጧል።

«አንቺ ነሽ የነገርሻት?» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«ባትነግሪያት አይሻልም ነበር?»

ቤቴልም ራሷን ይህንኑ ስትጠይቅ ነው የሰነበተችው። «አላውቅም» አለችው። «ዋሽቼ ባስጀምራት ኖሮ ምናልባት እዚህ አትተኛም ነበር። ጾም ሲመጣ ግን አባትህ የሆነውን ትሆን ነበር።»

እዮብ አንገቱን ደፋ። «አስተምሪኝ» አላት።

ብልቃጡን በሁለት መዳፉ መሃል ማንከባለል፣ መጠኑን መቅዳት፣ አረፋውን ማስወጣት አስተማረችው። መጀመሪያ ብርቱካን ላይ አስለመደችው። በቡና ሥራ የጠነከሩት ጣቶቹ ቀጭኗን መርፌ ለመያዝ ተቸገሩ፤ ብርቱካኑን ሁለት ቦታ ቀደደው። አወጋጉን እንደያዘ ግን ስለሱ መጠየቁን አቆመ። ደጋግሞ የሚጠይቃት ሌላ ነገር ነበር።

«ሲወርድ መጀመሪያ ምን አያለሁ?»

«ላብ፤ መንቀጥቀጥ፤ ድንገተኛ ረኃብ።»

«ተኝታ ከሆነስ? እንቅልፍ ነው ወይስ እሱ ነው በምን እለያለሁ?»

«ጥራት። ካልመለሰች ወይም ንግግሯ ከተምታታ እንቅልፍ አይደለም። ከተጠራጠርክ፣ መዋጥ ከቻለች ስኳር ስጣት። ለአንድ ቀን ስኳሯ ቢበዛ ይመለሳል፤ ከወረደ ግን ጊዜ አይሰጥህም።»

«እንደገና ንገሪኝ» ይላታል። እንደገና ትነግረዋለች።

ከሆስፒታል ልትወጣ ስትል፣ በነርሷና በቤቴል ፊት እዮብ እናቱን ራሱ እንዲወጋ ተደረገ። ቀዳ፤ ለቤቴል አሳያት፤ መጠኑ ልክ ነበር። ወደ አልጋው ተጠግቶ ግን ቆመ።

«ምግቡስ?» አለ።

«እየመጣ ነው» አለችው ነርሷ። «ተወግታ ትንሽ ቆይታ ነው የምትበላው።»

«ሳላየው አልወጋም።»

ነርሷ ወደ ቤቴል አየች። ቤቴል «ጠብቂው» አለቻት። ገንፎው መጥቶ እናቱ ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እዮብ ክዳኑን አንሥቶ አየ። ከዚያ ልብሷን ገለጥ አድርጎ ሆዷ ላይ ቆዳዋን ያዘና ወጋ። አልጣሽ ዓይኗን ጨፍና ነበር። መርፌው ሲወጣ እጁን ይዛ ፊቷ ላይ አደረገችው። ሁለቱም አለቀሱ። ደጀኔ ከሞተ ጀምሮ አብረው ሲያለቅሱ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ በቀብሩ ዕለት አንዱ ለሌላው ሲል ዕንባውን ይዞ ነበር።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ወንጌላዊ ወልደዮሐንስ ዲላ ድረስ መጥተው ቤቴልን ጠየቋት። እሑድ ኮንጋ መጥታ ለምእመኑ ስለ ስኳርና ስለ ግፊት እንድትናገር ነው። ቤቴል እሺ አለች።

ጸሎት ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አልጣሽና እዮብ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቤቴል ግፊት ምልክት ሳያሳይ እንደሚጎዳ፣ ክኒኑ ሻል አለኝ ተብሎ እንደማይቋረጥ፣ ጸሎትና መድኃኒት እንደማይጣሉ በጌዴኡፋ ተናገረች። ስለ ኢንሱሊንና ስለ ጾም ስትደርስ የማንንም ስም አላነሣችም። ስትጨርስ ወንጌላዊው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«እሷ በአክብሮት የዘለለችውን እኔ ልናገር» አሉ። «ወንድማችን ደጀኔ እዚህ ቤት ውስጥ፣ ይኸ መስኮት አጠገብ፣ ራበኝ ብሎኛል። ጽና አልኩት። በእጄ ሥር ሞተ። መርፌው አይደለም የገደለው፤ አለማወቃችን ነው፤ ከሁላችሁም በፊት የእኔ አለማወቅ። አልጣሽን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ልጁንም ዛሬ በፊታችሁ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ ጾም ስናውጅ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። መብላት ካለበት በልቶ ይምጣና አብሮን ይጸልይ። ጌታ በልቶ የመጣን አያባርርም።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እዮብ አየ። እዮብ ከተቀመጠበት አልተነሣም፤ ይቅር ብያለሁም አላለም። አልጣሽ እጁን ያዘችው እንጂ እንዲናገር አልጎተጎተችውም። ወንጌላዊው ጥቂት ቆመው ጠበቁ፤ ከዚያ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀመጡ።

ከጸሎቱ በኋላ ደጅ ላይ ሰዎች ቤቴልን ከበቧት። ክኒናቸውን በላስቲክ ቋጥረው ያመጡ ነበሩ፤ ግፊት እንዳለባቸው ተነግሯቸው ሳይታከሙ የቆዩ ነበሩ። ለሁሉም እስክትመልስ ፀሐይ ዘቀዘቀች። አልጣሽ በጸሎት ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጠበቀቻት። የቀኝ ዓይኗ አልተመለሰም፤ አይመለስምም። ግራው ግን ባለበት ቆሟል፤ ቤቴል ስትቀርባት ሳትናገር በፊት አወቀቻት።

«ሌሊት ይመጣብኛል» አለቻት አልጣሽ። «ስወጋው ‹ቀስ› ያለኝ ይመጣብኛል። መክሰሱ አልቀረም ልጄ።»

«ይገባኛል» አለች ቤቴል፤ አጠገቧም ተቀመጠች።

እዮብ እስከ ይርጋጨፌ ሊያደርሳት ሞተሩን አወጣ። ቤቴል ልትፈናጠጥ ስትል ሞተሩን ሳያስነሣ ወደ እሷ ዞረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባቴ… ሲሞት አሞት ነበር?»



«መጀመሪያ ላይ ሳይጨንቀው አልቀረም» አለች። «ራበኝ ያለ ጊዜ፣ ያላበው ጊዜ። ከተኛ በኋላ ግን ምንም አልተሰማውም። ይህንን ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምነግርህ።»

«አውቃለሁ» አለ እዮብ። «አንቺ እንደዚያ አታደርጊም።»

ሞተሩን አስነሣ። ጸሎት ቤቱ ደጅ ወንጌላዊ ወልደዮሐንስ ቆመው ነበር። እዮብ አጠገባቸው ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላቸውና ቁልቁለቱን ያዘ።